ጭስ ያልለመደች ተከራይ

ሰውን ከሚፈራው ነገር ይልቅ የለመደው ነገር ይገድለዋል እላለሁ። እሾህ ቢወጋን እንጮሃለን፤ ጭስ ግን ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ጣራችንን እያጠቆረ አብሮን ይኖራል። በሌላ አገር፣ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ መሣሪያ ኮርኒሱ ላይ ሳይሰቅል ቤት የሚያከራይ ሰው በሕግ ይጠየቃል አሉ። ያ መሣሪያ ወረታ ከተማ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይቅር በሉኝና፣ በመጀመሪያው ቀን ጮሆ ጮሆ ድምፁ ይዘጋ ነበር።

ያን ጊዜ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከሥራው ይልቅ በግምገማ በሚደክምበት ዘመን፣ ወረታ አስተማሪ ሆኜ አያ ደሴ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ግቢው ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ ነው። የተቆለለው የሩዝ ገለፈት ነበልባል ሳያሳይ ሲጨስ ይውላል፤ ነፋሱ ወደኛ ሲዞር ልብሳችንም ምግባችንም ጭስ ጭስ ይላል። እሳት በሌለበት ጭስ የለም ይባል የለ? እኛ ግቢ ግን ጭሱ በዝቶ እሳቱን የሚፈልግ ጠፍቶ ነበር።

ከአንዲት ሴት በስተቀር። ሠናይት ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች የግብርና ባለሙያ ናት። ጭስ በሸተታት ቁጥር ከክፍሏ ወጥታ የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው ትላለች፤ አያ ደሴም ገለፈቱ ነው ይሏታል። በኋላ በኋላ መልስ የሚሰጣትም ጠፋ። ግቢው «እሜቴ ጭሴ» የሚል ስም አወጣላት።

አንድ የታኅሣሥ እሑድ ረፋድ ላይ እንደ ልማዷ ወጣች። «ይሄ ሌላ ጭስ ነው፤ ጨርቅ ነው የሚሸተኝ» አለች። ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም። እሷ ግን አልተመለሰችም። በየበሩ ስንጥቅ አፍንጫዋን እያስጠጋች ዞራ፣ ከዳር ያለው ክፍል ጋ ስትደርስ ቆመች። እዚያ ያረፉት ከአንድ የገጠር ደብር ለሕክምና የመጡ መሪጌታ ናቸው። ወባ አንቀጥቅጧቸው፣ የከሰል ምድጃ አስገብተው፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅረው ተኝተዋል። አንኳኳች። ጠራቻቸው። መልስ የለም። በሩን በትከሻዋ መግፋት ስትጀምር ነው ነገሩ የገባን። አያ ደሴ መጥረቢያ ይዘው ሮጡ፤ መቀርቀሪያው ሲገነጠል ጭሱ ፊታችን ላይ ተደፋ።

የብርድ ልብሱ ጫፍ ምድጃው ላይ ወድቆ፣ ነበልባል ሳያወጣ፣ ቀስ እያለ ወደ ሰውነታቸው እየተጠጋ ነበር። ተሸክመን አውጥተን ግቢው መሐል አስተኛናቸው። ሠናይት ራሳቸውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ታራግባለች። በመጨረሻ አሳላቸው። ዓይናቸውን ገልጠው ሲያዩዋት፣ «ልጄ፣ ስትጠሪኝ እኮ ሰምቼሻለሁ፤ መመለስ ነው ያቃተኝ» አሏት።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ያ ክፍል መስኮት አልነበረውም። አያ ደሴ በማግስቱ ግድግዳውን በገዛ እጃቸው ነድለው መስኮት አወጡለት፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች አለፉ። ያንን የቅጽል ስምም ደግሞ ያነሣው ሰው የለም።

ሠናይት በዓመቱ ተዛውራ ሄደች። ክፍሏን ሊከራይ ከሐሙሲት አንድ ጨዋ ነጋዴ መጣ። አያ ደሴ ስለ ሥራውም ስለ ቤተሰቡም ሳይጠይቁት፣ ጭስ ያስቸግረው እንደሆነ ብቻ ጠየቁት። ሰውዬው አከራዩን ደስ የሚያሰኝ መስሎት፣ «ኧረ በጭራሽ፣ አባቴ፤ ጭስ ውስጥ ነው ያደግሁት» ብሎ ፈገግ አለ።

አያ ደሴ የክፍሉን በር መልሰው ዘጉት።

«እንግዲያው ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ» አሉት፤ «እንደ አንተ ያለማ ግቢው ሙሉ ነው።»