አሜን የሌለበት ዘዬ

አስተማሪ ዝም ካለ ወይ ጉሮሮውን ታሟል፣ ወይ ግምገማ ላይ ነው። እኔ ግን ሞላሌ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ሁለቱም ሳይሆኑ ዝም አልኩ... ጉዴን ስሙኝ።

ጤና ረዳቷን አስቴርን ለማግባት ቆርጫለሁ። አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ የምመኘው ደግሞ ጋሽ ተክለወልድን ነው፤ እሳቸው ለምነውት እምቢ ያለ አባት የለም። ቤት የምንጋራው የስፖርት አስተማሪው ግርማ ነገሩን ሹክ ሊላቸው ቃል ገባልኝና፣ አብረን የሚካኤል ማኅበር ታደምን።

እኔ መች አርፌ ልቀመጥ! ጠላው አንድ ዙር እንደዞረ፣ ኮሌጅ ሳለሁ ስላነበብኩት ሮቶካስ ስለሚባል የፓፑዋ ቋንቋ ማስረዳት ጀመርኩ። ፊደሎቹ አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው፤ በዋናው ዘዬ በአፍንጫ የሚወጡት «ም» እና «ን» የሉም፤ ሰዎቹ እነዚህን ድምፆች የሚያወጡት ቋንቋቸውን በሚያበላሽ እንግዳ ሲያፌዙ ነው፤ የጎረቤቱ ዘዬ ግን አሉት... አንድ በአንድ።

«እኛ ሦስት ሀ ይዘን ቁጭ ከምንል አንዱን ብንሰጣቸው ምናለ?» አሉ ጋሽ ተክለወልድ።

ሳቁ ልብ ሰጠኝ። ማኅበሩ እስኪበተን «ም»ንም «ን»ንም ከነቤተሰባቸው ትቼ እንደማወራ ፎከርኩ።

«ጠላው ጥሩ፣ ዳቦው ትኩስ» እያልኩ ጥቂት እንደቆየሁ ጋሽ ተክለወልድ ለምርቃት ተነሱ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ለመምህራችን ያሰባትን ይስጠው፤ ትዳሩን ይባርክለት» አሉ።

ቤቱ የእኔን አሜን ይጠብቃል። እኔ ብልጡ፣ አሜን አሰኝተው ሊረቱኝ መስሎኝ ከንፈሬን ገጥሜ ጣቴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። እንደ አሸናፊ መሆኔ ነበር፤ ያየኝ ሁሉ ግን «አልፈልግም» ብሎ ተረጎመው። ዳቦ እንደጎረሰ «አሜን» ያለው ግርማ ነው።

ለካ ሹክ ብሏቸው ኖሯል። በማግስቱ ላስረዳቸው ሄድኩ።

«ልጄ፣ አንተ አሜን ያላልክበትን ትዳር እኔ ምን ብዬ ልለምንልህ?»

የጎረቤቱ ዘዬ «ም»ም «ን»ም እንዳለው አስታወስኳቸው።

«እንግዲያው ወደዚያኛው ዘዬ ስትዛወር ና» አሉኝ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ በአንድ ቀን ነቀዘ። ምርቃቱን ከመሬት ያነሳው ግርማ በጥር አገባ፤ ደግነቱ ሌላ ሴት ነው። እኔ ሚዜ ነበርኩ። ጋሽ ተክለወልድ «ለሚዜዎቹም ይድረሳቸው» ከማለታቸው አሜኔ ዳሱን ነቀነቀው።

ያ የዘዬ ዝውውር ወሬ አስቴርም ዘንድ ደርሶ ኖሯል፤ ከእንግዶቹ መሀል ዞር አለች።

«መምህር፣ ዝውውሩ ደረሰልህ እንዴ?»

«አሜን» አልኳት።