የዝንጀሮ ዘመቻ

ሰንበሌጥ ከገደል ስር የተቀመጠች መንደር ናት። ሰዎቿ ማሽላ ይዘራሉ፤ ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ይጠብቃሉ። የደምረው ማሳ ከሁሉም በላይ፣ ገደሉን ተጠግቶ የተዘረጋ ስለሆነ ዝንጀሮ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነበር። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ዝምተኛ፣ ወንጭፉ የማይስት ሰው ነው።

ገደሉን የሚገዛው አንድ ሽማግሌ ገመሬ፣ የመንጋው አውራ ዝንጀሮ፣ ነበር። ጎፈሩ የነጣ፣ አንድ ጆሮው የተቦጨቀ፣ ሲቀመጥ ችሎት ላይ ያለ ዳኛ የሚመስል። መንደርተኛው ዝንጀሮ ብሎ አይጠራውም። «ሰውዬው» ነው የሚለው። «ሰውዬው ወረደ?» «የለም፣ ሰውዬው ዛሬ አኩርፏል።»

ከሰውዬው ጋር የተጻፈ ነገር የለም፤ ውል ግን ነበር። በገደሉ በኩል ያሉት ሁለት ትልሞች አይጠበቁም። ሰውዬው ጠዋት ጭፍሮቹን አስከትሎ ይወርዳል፣ ከሁለቱ ትልሞች ይበላል፣ ከዚያ አልፎ እግሩን የሚያነሳ ጎረምሳ ካየ ማጅራቱን ነክሶ ይመልሰዋል። ደምረው ይህን በዓይኑ አይቷል። ወንጭፉን ወድሮ ሊለቅ ሲል፣ ሰውዬው ቀድሞት አጥፊውን ሲቀጣ አይቶ፣ ድንጋዩን ወደ ኪሱ የመለሰበት ቀን ብዙ ነው።

ነገሩ ጽድቅ አልነበረም። ሰውዬው ሌባ ነው። ደምረው ከቡችላነቷ ያሳደጋትን ውሻ በአንድ ንክሻ ገድሎበታል። ከዚያ ወዲህ ደምረው ያን ሁለት ትልም ሲዘራ እጁ ይከብደዋል።

«የሌባ ገባር ሆነን ቀረን እኮ፣ አያ ይመኑ» ይላል ለጎረቤቱ።

አያ ይመኑ ሰባ ያለፋቸው፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ቀልድ የማያጡ ሽማግሌ ናቸው። «ተወው፣ ይሄኛው ልኩን የሚያውቅ ነው» ይላሉ። «እኔ በልጅነቴ ልክ የማያውቅ አይቻለሁ። ያኔ ማሽላ ሳይሆን ዱቄት ነበር የምንጠብቀው።»

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፤ ማዳበሪያው ደግሞ ከዝናቡም ዘግይቶ ደረሰ። ምርት ጎደለ። ምርት ሲጎድል ሪፖርቱ ላይ ምክንያት መጻፍ አለበት። ዝናብ አይከሰስም። ማዳበሪያውን ያዘገየው ሰው ሪፖርቱን የሚፈርመው ሰው ነው። ዝንጀሮ ግን አይከራከርም፣ አይፈርምም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት፣ ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር፣ በዝንጀሮ ላይ ዘመቻ ታወጀ።

ዘመቻውን የሚመራው ከከተማ የተላከ፣ አቶ ልሳነወርቅ የሚባል፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ጥሩ የሆነ ሰው ነበር። ሕዝቡን ዋርካው ስር ሰበሰበና፣ «ከእንግዲህ በዚህ አገር ለሌባ የሚዘራ ትልም አይኖርም!» አለ። ሰው አጨበጨበ። «ራሱን ከመታነው ገላው ይበተናል!» ሰው ደግሞ አጨበጨበ። የመጨረሻው ቃል በኋላ እውነት ሆኖ እንደሚገኝ ያኔ ማንም አላሰበም።

ከዚያ ጠየቀ። «ሰውዬው የሚያድርበትን የሚያውቅ ማነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ደምረው ዞረ። ወደ ገደሉ ወገብ የሚያወጣውን የፍየል መንገድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

«አቶ ደምረው» አለ ልሳነወርቅ፣ ወደ እሱ ተራምዶ እጁን በሁለት እጁ እየጨበጠ። «እርስዎ የዚህ ዘመቻ ዓይን ነዎት።»

ደምረው በዕድሜው ሙሉ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ጭብጨባው ጆሮው ውስጥ ገብቶ ሞቀው፤ ውሻውም ትዝ አለችው። «አሳያለሁ» አለ።

ጎህ ሲቀድ ልሳነወርቅና ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ደምረውን ተከትለው ወጡ። ሰውዬው የገደሉ ወገብ ላይ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ ተቀምጦ ነበር። ጭፍሮቹ ሲበረግጉ እሱ አልተነሳም። አስቀድሞ ያየው ጠመንጃውን አይደለም፤ ደምረውን ነው። እዚያ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀው ይመስል አንገቱን ትንሽ ዘንበል አደረገ። ከዚያ ጥይቱ ጮኸ።

አስከሬኑ ከዋርካው ላይ ተሰቅሎ ዋለ። ልሳነወርቅ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሳ፤ ደምረውንም ጎትቶ አብሮ አስነሳው። እልል ተባለ። አያ ይመኑ ብቻ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሽቅብ ሲያዩ ቆዩና፣

«መልካም፤ ሰውዬውን ገደላችሁት» አሉ። «አሁን ከማን ጋር ነው የምትነጋገሩት?»

«ከማን ጋር እንነጋገራለን አባቴ? አለቀ እኮ!» አለ ልሳነወርቅ እየሳቀ።

ስምንት ቀን ጸጥ አለ። ሰዎች ማማቸው ላይ አንቀላፉ። በዘጠነኛው ቀን ዝንጀሮ ወረደ፤ አንድ መንጋ ግን አልነበረም። ሦስት ነበር። ሰውዬው ማጅራታቸውን እየነከሰ ሲመልሳቸው የኖሩት ሦስት ጎረምሶች፣ እያንዳንዳቸው ገመሬ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጭፍራ ይዘው መጡ። አንደኛው በገደሉ በኩል፣ ሁለተኛው በወንዙ፣ ሦስተኛው ዝንጀሮ መጥቶበት በማያውቀው በመቃብሩ በኩል። ሁለቱን ትልም የሚያውቅ አልነበረም፤ ያወቀም ቢኖር ማንን ፈርቶ ይጠብቀው? ሦስቱም አለቆች ጭፍሮቻቸው እንዲፈሯቸው ጉልበታቸውን ማሳየት ነበረባቸው። ማሽላው መሀል ሲገናኙ ይናከሳሉ፤ ከበሉት ይልቅ ተናክሰው የረገጡት ይበልጥ ነበር። ሰንበት ሳያልፍ ደግሞ በር መክፈት ተማሩ። አስካለ፣ የደምረው ሚስት፣ ጓዳዋ ስትገባ አንዱን ሊጥ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቀና ብሎ አያት እንጂ አልሸሸም።

ዘመቻው ተጠናከረ። አሥራ ሁለት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ማሳው ዳር ሰፈሩ። ቀን ቀን እሸት እየጠበሱ ይበላሉ። አስካለ አንድ ቀን ውሃ ቀድታ ስትመለስ ቆመችና ተፈልፍሎ የተጣለውን የዛላ ክምር አየች።

«እናንተ ልጆች፣ ዝንጀሮው እንኳ በቀን አንድ ጊዜ ነው የሚበላው።»

«እትዬ አስካለ፣ እኛ እኮ ጠባቂ ነን» አለ አንደኛው፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ።

«አውቃለሁ። ዝንጀሮው እንዳያልቅባችሁ ነው የምትጠብቁት።»

ሳቁ። ጠባቂው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ «እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ እሱ ካለቀ እኛስ የት እንገባለን?» አላት። ይህን ሲል ግን አልሳቀም።

ለእያንዳንዱ የተመታ ዝንጀሮ ጅራቱ ተቆርጦ ከሪፖርት ጋር ይላካል። ጅራቱ በየሳምንቱ በዛ። ዝንጀሮውም በየሳምንቱ በዛ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚበዙ የጠየቀ አልነበረም፤ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ብቻ ነበርና።

አንድ ማለዳ አያ ይመኑ ማሽላቸው ውስጥ ገብተው፣ የተረገጠውን አገዳ እያቃኑ በእንጨት ይደግፉ ነበር። ወገባቸው ጎባጣ ነው፤ የለበሱት ቡላ ጋቢ ነው። ማሽላው ሲነቃነቅ ጠባቂው ተኮሰ።

ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ ደምረው ነበር። ቀላል ነበሩ። ትከሻው ላይ የከበደው ሌላ ነገር ነው፤ የፍየል መንገዱን ያሳየው እጁ። በዚያ ሳምንት ሪፖርት ላይ የተመቱት ቁጥር በአንድ በልጦ ተጻፈ። ጅራት ግን አልተያያዘም።

ከቀብሩ በኋላ ልሳነወርቅ ደምረውን ማማው ስር አገኘው። ሸሚዙ እንደ በፊቱ የተተኮሰ አይደለም፤ ዓይኑ ስርም ጠቁሯል።

«ስማ ደምረው» አለው። እርስዎነቱ ከዋርካው ስር አላለፈም ነበር። «ይሄ ሁሉ የሆነው ማሽላው ረጅም ስለሆነ ነው። መደበቂያ ሆኗል። ለዝንጀሮውም፣ ለሰውም። ገደሉን የተጠጋው ማሳ በሙሉ እንዲቆረጥ ትእዛዝ መጥቷል።»

«ፍሬው ገና እሸት እኮ ነው ጌታዬ! ሦስት ሳምንት ቢታገሱኝ…»

«ትእዛዝ ነው አልኩህ።»

«ሌላ ማሳ የለኝም። ክረምቱን የምንበላው ይሄንኑ ነው። እሱን ከቆረጣችሁት ለእኔና ለአስካለ ምን ቀረን? አገር ጥለን እንሂድ?»

ልሳነወርቅ ወደ ገደሉ አየ። «አንድ መንገድ አለ። ሦስቱን አለቆች አሳየኝና እዚያው ባሉበት እንጨርሳቸው። ያኔ ማሽላህ ይቆማል። እስከ ዓርብ።»

ማክሰኞ ነበር። ደምረው ረቡዕ ብቻውን ወደ ገደሉ ወጣ። ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ተመለሰ። አስካለ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው።

«አገኘሃቸው?»

«አገኘኋቸው።»

«ሦስቱንም?»

«አራተኛም አለ።»

«ምን ዓይነት?»

እግሩን መታጠብ ጀመረ። «ነገሬ ቅዠት ይመስልሻል፤ ልሳነወርቅ ራሱ ሄዶ ይየው» አላት። ማታ ተኝተውም፣ «ማሽላው ይተርፍልን ይሆን?» ብላ ስትጠይቀው፣ «ያየ ሰው አይቆርጠውም» አለ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ልሳነወርቅንና አራት ጠባቂዎችን ይዞ ወጣ። የሰውዬውን ማደሪያ አለፉት። ልሳነወርቅ ቆሞ፣ «ማደሪያቸው እዚህ አይደለም እንዴ?» አለ።

«እዚህ የሚያድሩበት ነው። የሚኖሩበት ከላይ ነው።»

ወደ ላይ ወጡ። ከገደሉ አናት ላይ፣ ከተማውን ከቆላው የሚያገናኘው አስፋልት ይታጠፋል። እዚያ መታጠፊያው ጥግ ቁጥቋጦ ውስጥ አስቀመጣቸውና፣ በእጁ ብቻ አሳያቸው።

ሦስቱም መንጋዎች እዚያ ነበሩ። የአንዱ መንጋ ከአንደኛው የመንገድ ዳር ድንጋይ እስከ ሁለተኛው፣ የሌላው ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው፣ የቀረው ከዚያ ወዲያ፣ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ታች ማሽላው ውስጥ የሚናከሱት እነዚያው ናቸው፤ እዚህ ግን ጠብ የለም። ለሦስቱም ይበቃል። አውቶቡስ መጣና ቀስ አለ፤ ከየመስኮቱ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ብስኩት ወረደ። የጭነት መኪና ሹፌር ከነጭራሹ ቆሞ፣ እየሳቀ፣ አንዱን ገመሬ በእጁ አጎረሰው። እናቶቹ ሆዳቸው የሞላ፣ ጡታቸው የሞላ፣ እያንዳንዳቸው ግልገል ያዘሉ ናቸው።

«እዚህ ጠግበው ይወልዳሉ» አለ ደምረው በሹክሹክታ። «መኪና የቀነሰ ቀን ደግሞ ያን ሁሉ ወልደው እኛ ጋ ይወርዳሉ። እናንተ ከታች አሥር ስትመቱ፣ እነዚህ ከላይ ሃያ ያሳድጋሉ። እኔም ትናንት ነው ያወቅኩት።»

አንደኛው ጠባቂ ጠመንጃውን ደገነ። ልሳነወርቅ አፈሙዙን በእጁ ወደ መሬት መለሰው። ከዝንጀሮው ጀርባ መንገዱ አለ፤ መንገዱ ላይ ሰው አለ።

በዚህ መሀል አንድ የጠራ ነጭ መኪና መታጠፊያው ላይ ደርሶ ቆመ። መስኮቱ ወረደ። ከኋላ ሁለት ልጆች እየጮኹ ዳቦ ይወረውራሉ፤ ከፊት የተቀመጠው፣ ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰው፣ እየቆረሰ ያቀብላቸዋል። ልሳነወርቅ ሲያየው ደነገጠና ሳያስበው ከቁጥቋጦው ብድግ አለ። ወደ ሰንበሌጥ የላከው፣ የዘመቻውን ደብዳቤ የፈረመው ዋና ኃላፊ ነበር።

«ልሳነወርቅ! አንተ ነህ እንዴ?» አለ ኃላፊው፣ እየሳቀ። «ልጆቹ ዝንጀሮ ካላየን ብለው አስቸገሩኝ፤ ምን ላድርግ! ዘመቻው እንዴት ነው? በርቱ፣ በርቱ፤ አንድም እንዳይተርፍ!»

በእጁ የቀረችውን ቁራሽ ለትልቁ ገመሬ ወረወረለት። ገመሬው ከአየር ላይ ቀለባት። መስኮቱ ወጣ፤ መኪናው ወደ ከተማ ሽቅብ ሄደ።

ጠባቂዎቹ መሬት መሬት አዩ። ነፋሱ ባዶ የብስኩት ወረቀት እየነዳ እግራቸው ስር አመጣው።

«አለቃቸውን አሳየኝ ብለውኝ ነበር» አለ ደምረው፣ በትህትና። «አሁን እንግዲህ አራተኛውንም፣ የሚያበላቸውን፣ አይተዋል። ማሽላዬ ይቁም፣ ጌታዬ?»

ልሳነወርቅ መኪናው ወደተሰወረበት ኩርባ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ዞሮ ቁልቁል አየ። ከዚያ ከፍታ የደምረው ማሳ በመዳፍ የሚሸፈን አረንጓዴ ቁራጭ ነበር፤ ነፋስ ሲመታው ሁሉም በአንድነት ይተኛል፣ መልሶ ይቆማል። ልሳነወርቅ ሲናገር ድምፁ የክፉ ሰው ድምፅ አልነበረም። የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«ነገ ይቆረጣል።»

«አላዩም እንዴ?»

«አይቻለሁ፣ አቶ ደምረው» አለ። «ግን ካየነው ሁሉ፣ እኛ መቁረጥ የምንችለው የእርስዎን ማሽላ ብቻ ነው።»