ሚዶና ትራክተር

ከዚህ በፊት ወግ ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ልጠይቃችሁ፤ የሰው ግጥም ካላረመ ምግብ የማይረጋለት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ያለው የቀበሌያችን የኪነት ኃላፊ እንዲህ ነበሩ።

ለአብዮት በዓል "ግጥም ያለው ያምጣ" አሉ። እኔም የሟች እናቴን የእንጨት ሚዶ እያየሁ የጻፍኩትን እያፈርኩ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ።

"ጓድ፣ ማበጠሪያ ምን ትግል አለው? ትራክተር አስገቢበት!"

እናንተዬ፣ ትራክተር እናቴ ፀጉር ውስጥ ምን ይሠራል? ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም። አስገባሁት፤ ሚዶውም ማረስ ጀመረ። ስጨርስ እናቴን በጎማ የሄድኩባት መሰለኝ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ከጊደር መጋላ ገበያ በመጡ ነጋዴ ሴቶች ሞልቷል። መድረክ ላይ ወጣሁ። የታረመውን ወረቀት አጥፌ ያዝኩና የራሴን በቃሌ አልኩት፦

"እናቴ ሄዳለች፣ ሚዶዋ ግን አለ፤
አንድ ነጭ ፀጉሯን እንደ ልጅ አዘለ።"

ወዲያው አንዲት በርበሬ ሻጭ "ድገሚው ልጄ!" ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹም እልልታውን አቀለጡት። እኔ፣ ሰው ፊት ውኃ መጠጣት የማፍረው፣ ሦስት ጊዜ ደገምኩት! ጭብጨባው የጀጎልን ግንብ በሮች ሁሉ ያንኳኳ መሰለኝ።

ስወርድ ኃላፊው እርሳሳቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ሊቆጡኝ ነው ስል ዓይናቸውን ጠራርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ "የኔ እናት ደግሞ ስታበጥረኝ ከተቁነጠነጥኩ በሚዶው አናቴን ትለኝ ነበር፤ እሱንም ጨምሪበት" አሉኝ።