ጋሽ ዘይትና ጣውንቲቱ

ጋሽ ዘይት ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት የዕቃ ቤቱን በር ይከፍታሉ። ብርድ ልብሱን ገልጠው ይንበረከኩና ከሣር ማጨጃ ማሽናቸው ሆድ ውስጥ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዛሉ። በጨርቅ ይጠርጉታል፤ መልሰው ይከቱታል፤ እንደገና ይመዙታል። ከዚያ ወደ ብርሃኑ ዞር ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሐኪም የትኩሳት መለኪያ እንደሚያነብ ያነቡታል። ዘይቱ ካልጎደለና ካልጠቆረ ፊታቸው ይፈታል።

«ደህና አድረሻል፣ እመቤቴ» ይላሉ።

«እኔም ደህና አድሬያለሁ። ስለጠየቅከኝ እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ ባለቤታቸው ከማድ ቤቱ መስኮት።

ባለቤታቸው ማሽኗን «ጣውንቴ» ነው የሚሏት። በምሬት አይደለም። ጣውንት ሆና ብርድ ልብስ የምትወስድ፣ ግን አፍ የሌላት ከየት ትገኛለች?

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለእሱ የሰው ልጅ ሁለት ወገን ነው፤ ዕቃ የሚያኖርና ዕቃ የሚገድል። እርጅና፣ ዝገት፣ መጥፎ ዕድል የሚባሉት ሁሉ ገዳዮች ያወሩት ወሬ ነው። «ዕቃ አይሞትም፤ ይገደላል» ይላሉ ጋሽ ዘይት። የጎረቤት የውኃ ፓምፕ ቆመ ሲባል ሌላው ሰው «ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይገቡና «ማን ገደለው?» ይላሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥራው ቢቀርም ዓይኑ አልቀረም፤ ሰው ባዩ ቁጥር ትኬት ሳይቆርጥ የተሳፈረ ይመስላቸዋል።

አንድ ጊዜ ከቀብር መልስ ሐዘንተኛው ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። ልጁ አንገቱን ደፍቷል። ጋሽ ዘይት ጉልበቱን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። ሰው ሁሉ የማጽናኛ ቃል መስሎት ዝም አለ።

«አባትህ» አሉ በሹክሹክታ፣ «የጄነሬተሩን ቤንዚን ሳያወጡ ነው ያለፉት?»

ፋርማሲስቱም የራሱ ታሪክ አለው። ሞተር መጋዛቸውን ሊዋስ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተመረመረ።

«ምን ልትቆርጥበት ነው?»

«ቅርንጫፍ ነው፣ ጋሼ።»

«ደረቅ ነው እርጥብ?»

«እ... መካከለኛ።»

«መካከለኛ ቅርንጫፍ የሚባል ነገር የለም። የዚህ መጋዝ ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። በምን ትለካዋለህ?»

«በዓይኔ።»

«መድኃኒቱንም በዓይንህ ነው የምትለካልን?»

ፋርማሲስቱ ቅርንጫፉን በእጅ መጋዝ ቆረጠው። እስከ ዛሬ በዚያ ቤት ሲያልፍ በመንገዱ ማዶ ነው።

ይህን ሁሉ ከማንም አብልጦ የሚያውቀው ግን አጥር የሚጋራቸው ልብስ ሰፊ ነው። የሣር ማጨጃ ማሽን የገዛ ዕለት ጋሽ ዘይት ኮት ለብሰው፣ አራስ እንደሚጠይቅ ሰው እጃቸውን ታጥበው መጡ። ማሽኑን ዞሩት፤ ጎማውን ነካ ነካ አደረጉት፤ «መልኩ ደህና ነው፤ ዕድሜ ይስጠው» አሉ። ከዚያም ምክሩ ወረደ። ማጣሪያውን አራግፍ። ሆዱ ላይ የተለጠፈውን ሣር ሳይደርቅ ጥረግ። ስለቱን ሳል። ከሁሉም በላይ፣ ሣሩ መብቀል ሲያቆም ቤንዚኑን ከታንከሩ አውጣ፤ ያደረ ቤንዚንና ያደረ ቂም አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ጉሮሮ ይዘጋሉ።

«እሺ፣ ጋሼ» አለ ልብስ ሰፊው። ሰው ለጥርስ ሐኪም «እሺ» እንደሚለው ነው ያለው።

ልብስ ሰፊው እሺታውን ቶሎ የረሳበት ምክንያት ነበረው። በአጥሩ ቀዳዳ የሚያየውን ያያላ። ጋሽ ዘይት እመቤቲቱን በእርጥብ ሣር ላይ አያወጧትም፤ ስለቷ ይዝጋል። በቀትር አያወጧትም፤ ሞተሯ ይግላል። ነፋስ ካለ አቧራ አለ፤ አቧራ ካለ ማጣሪያዋ ይታፈናል። ታዲያ እርጥብም፣ ፀሐይም፣ ነፋስም የሌለበት ቀን እስኪገኝ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ሣር ጉልበት ከደረሰ ደግሞ ለእሷ ከባድ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ጎንበስ ብለው በማጭድ ያጭዳሉ፤ ማሽኗ በዕቃ ቤቱ በር ብርድ ልብሷን ደርባ ታያቸዋለች።

«ጣውንቴ ጥላ ሥር፣ እኔ ፀሐይ ላይ!» ይላሉ ባለቤታቸው ወገባቸውን ይዘው። «ምነው እኔንም ቤንዚኔን አውጥተህ ባስቀመጥከኝ!»

እንግዲህ ልብስ ሰፊው ጉድ የፈላበት ሳምንት መጣ። እናቱ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ሰንብተው ሊወጡ ነው። ጥያቄው የት ይሁኑ ነበር፤ እሱ ቤት ወይስ ታላቅ እህቱ ቤት? እህቱ የነርሶች አለቃ ናት፤ የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው። ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ሰፊ ነው፤ ከመስኮቱ የሚታየው ግን ሰማይ ብቻ ነው። እሱ ቤት እናትየው ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠው ቁልፍ ይለያሉ፣ ደንበኛ ያማሉ፣ የተሰፋውን አይተው «ይሄ እጅጌ ተጣሟል» ይላሉ። መርፌ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከሌሉ እጅጌው መጣመሙን ማን ይነግረዋል?

እህቱ ጠዋት ደወለች።

«ዛሬ ከሰዓት ይዣት እመጣለሁ። አራት እግር ባለው መደገፊያ ነው የምትሄደው። ግቢህ እንደ ባለፈው ጫካ ከሆነ የመኪናዬን ሞተር ሳላጠፋ ወደ እኔ ቤት ይዣት እመለሳለሁ። ዳግመኛ ብትወድቅ እንደማትነሳ አንተም ታውቃለህ።»

ግቢው እንደ ባለፈው አልነበረም፤ ብሶበታል። ሰሞኑን ዝናቡ ስላልተቋረጠ ሣሩ ከበሩ እስከ ደረጃው ወገብ ደርሷል። ልብስ ሰፊው አምና ካቆመው ወዲህ ያልነካውን ማሽን ጎትቶ አወጣና ገመዱን ሳበ። ዝም። ሳበ፤ ዝም። በቀኙ ሲደክም በግራው፣ በግራው ሲደክም በሁለቱም ሳበ። ማሽኑ አንዴ አስነጠሰና ተኛ።

ከአጥሩ በላይ ባርኔጣ ብቅ አለ። ባርኔጣው ወለቀ።

«ማን ገደለው?»

ጋሽ ዘይት መጥተው የታንከሩን ክዳን ፈተው አሸተቱ። ፊታቸውን ቀጨም አደረጉ። «ያምና ቤንዚን!» ማጣሪያውን አወጡ፤ የአይጥ ጎጆ መስሏል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈቱ፤ ጥላሸት ለብሷል። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «በዚህ ሾርባ ይጠጣበታል እንጂ ሣር አይታጨድበትም» አሉ። ልብስ ሰፊው ጥፋቱን አውቆ እንደተያዘ ተሳፋሪ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ይድናል» አሉ በመጨረሻ። «ግን ቤንዚኑ የሚያልፍበት ካርቡራተር ተፈትቶ፣ ተነክሮ ማደር አለበት። ዛሬ አይደርስልህም።»

ልብስ ሰፊው ስለ እናቱ ነገራቸው። ነግሮም ሲያበቃ በሰፈሩ ማንም ያልደፈረውን ደፈረ።

«ጋሼ... እመቤቲቱን...»

ጋሽ ዘይት ሣሩን አዩ። «እርጥብ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቁመቱ ለማሽን አይሆንም። ደግሞ ግቢህ ድንጋይ አያጣም።»

«እለቅማለሁ፣ ጋሼ።»

ባርኔጣቸውን ደፍተው ሳይመልሱ ሄዱ። ልብስ ሰፊው «እምቢ ማለታቸው ነው» ብሎ ማጭድ ፍለጋ ሲገባ የዕቃ ቤታቸው በር ሲጢጥ ሲል ሰማ። ከአፍታ በኋላ ጋሽ ዘይት እመቤቲቱን እየገፉ በበሩ ገቡ። ባለቤታቸው ሁለት ማጭድ ይዘው ከኋላ ተከትለዋል።

«ላውስህ አይደለም» አሉ ጋሽ ዘይት። «አላውስም። እሷ የምትሄድበት እኔም እሄዳለሁ።»

«ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት አልሄድ ብሎ ነበር» አሉ ባለቤታቸው ለልብስ ሰፊው።

ሥራው በደንብ ተጀመረ። መጀመሪያ ድንጋይ ተለቀመ። ቀጥሎ ሦስቱም ጎንበስ ብለው የሣሩን ቁመት በማጭድ ጎረዱት። ከዚያ ጋሽ ዘይት ዘይት ለኩ፣ አዲስ ቤንዚን ቀዱ፣ ገመዱን ያዙ። ማሽኗ ገመዱ አንዴ እንደተሳበ ተነሳች። ልብስ ሰፊው እስከዚያ ቀን ድምጿን በቅርብ ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ በደንብ እንደተዘየተ የስፌት መኪና አንድ ዓይነት፣ የማይቸኩል ድምፅ። ያለፈችበት ሁሉ በብረት ካውያ የተተኮሰ ይመስላል።

ደረጃው ሥር አንድ ረድፍ ሲቀር ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። በዚያው ቅጽበት ከማሽኗ ሆድ ሥር ጧ! የሚል ድምፅ ወጣና ጸጥ አለች።

ከሣሩ ውስጥ የተገኘው የእናትየው አሮጌ የከሰል ካውያ ነበር። ልብስ ሰፊው አመዱን ሊደፋ አውጥቶት እዚያው የረሳው፣ ከዚያ ግን ጠፋ ብሎ የእህቱን ባል የጠረጠረበት ካውያ።

ጋሽ ዘይት ማሽኗን ካርቡራተሯ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው በጎኗ አስተኟት፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት እንኳ ደንብ ደንብ ነው። ስለቱ እንደ መንጠቆ ታጥፏል። ልብስ ሰፊው መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። በታጠፈ ስለት የሚነሳ ሞተር ወገቡ እንደሚሰበር ከእሳቸው ስንቴ ሰምቷል! ገዳይ የሚባለው ይህን የሚያደርግ ነው።

«ይተዉት፣ ጋሼ» አለ። «ለእህቴ እነግራታለሁ።»

ጋሽ ዘይት ያልታጨደውን ረድፍ አዩት። እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል፤ ወደ ደረጃው የሚወስድ ሌላ መንገድም የለም። ማሽኗን ከጎኗ አንስተው በጎማዋ አቆሟት።

«ተው፣ አንተ ሰውዬ» አሉ ባለቤታቸው ማጭዱን እንደያዙ። «ትሞትብሃለች!»

«ብረት ናት» አሉ ጋሽ ዘይት።

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ገመዱን ሳቡት። እመቤቲቱ እየጮኸች፣ እየተንዘፈዘፈች ተነሳች። የጋሽ ዘይት ጉንጭ አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ባርኔጣቸው ወደቀ። ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ዓይናቸውን ጨፍነው ነዱት። ከዚያ አጠፏትና እጃቸውን በሞተሯ ላይ አሳርፈው ቆሙ።

እህትየው በሩን ከፍታ ገባች። እንደዛተችው የመኪናዋን ሞተር አላጠፋችም። ግቢውን በዓይኗ ጠረገችው፤ ጫካውን ፈልጋ አጣች።

«ያ ሲጮኽ የነበረው ምንድን ነው? ሰው ነው?» አሉ እናትየው ከመኪናው ውስጥ።

«ማሽን ነው፣ እማዬ» አለ ልብስ ሰፊው።

«በሉ አውርዱኝ። መቀመጫዬ ደንዝዟል።»

እናትየው መደገፊያቸውን እያስቀደሙ በተላጨው ሣር ላይ ቀስ ብለው መጡ፤ አንዴም አልተደነቃቀፉ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ቆሙ።

«ካውያዬ! አንተ፣ የእህትህ ባል ወሰደው አላልከኝም?»

እህትየው ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። ልብስ ሰፊው ያን ዓይን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ እናቱን ያገኘበት ደቂቃ መልሶ የሚያጣበት ሊሆን ነው። ያን ጊዜ ጋሽ ዘይት ከሐዘናቸው ቀና ብለው ጆሯቸውን ወደ በሩ አቀኑ።

«ይቺን መኪና የሚነዳት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች እህትየው።

«ዘይቷ የተቀየረው መቼ ነው?»

ሆስፒታል ሙሉ ነርስ የምታንቀጠቅጠው ሴት መንተባተብ ጀመረች። «እሱን... ባለቤቴ ነው የሚያውቀው።»

«አያውቅም፤ ቢያውቅ እንዲህ አታቃስትም ነበር። አጥፊያት፣ ልጄ። አሁኑኑ! ኮፈኑንም ክፈቺልኝ።»

እህትየው ሄዳ አጠፋቻት።

ልብስ ሰፊው እኚህን ሰው አንገታቸውን አቅፎ ሊስማቸው ፈለገ። እጃቸው ግን እስከ ክርናቸው ዘይት ነበር፤ እሱም እናቱን ወደ ቤት ሲያስገባ ለእሳቸው ብሎ ነጭ ሸሚዝ ለውጦ ወጥቷል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ገባ፤ ለደንበኛ ኮት ካስቀመጠው ሱፍ ላይ አንድ ክንድ ቆርጦ አወጣና የዘይት መለኪያውን እንዲጠርጉበት ሰጣቸው። ጋሽ ዘይት በጣታቸው አሽተው ደህና ሱፍ መሆኑን አረጋገጡ። ማመስገን ግን ረሱ፤ ጭንቅላታቸው ቀድሞ ኮፈኑ ውስጥ ገብቷል።

በዚያን ዕለት እህትየው ወደ ቤቷ የሄደችው በአውቶቡስ ነው። መኪናዋ ኮፈኗን እንደከፈተች በወንድሟ ደጅ አደረች።