መጽሐፍ ከመሀሉ ሲዘገን

ቆዩኝማ፣ ሳቄን ልጨርስ! ሆዴን ይዤ ነው የምጽፍላችሁ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ በሳቁ ፍረዱ። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ስሙን ኋላ እናንተው ታወጡለታላችሁ። የሚጣፍጠውም ኋላ ነው። ወንድሜ አያ ሞላ ያለውን ሳትሰሙ ብትነሡ፣ ጭሱን አሽትቶ ድግስ በላሁ እንደሚል እንግዳ መሆናችሁ ነው።

እኔ የምለው፣ ሰው የሚቸገረው ሲያጣ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? አንድ ቀሚስ ያላት ሴት እሱኑ አጥልቃ ትወጣለች። አሥር ያላት ግን ሳጥኗ ፊት ቆማ ስታማርጥ ቀብሩ ያመልጣታል። መጽሐፍም እንደዚያው ነው። በልጅነታችን ቤት ውስጥ አንድ መጽሐፍ ከተገኘ ሽፋኑ እስኪላቀቅ እሱኑ ማንበብ ነው። ከፋም በጀም እንደ ዘመድ ነው፤ መርጠህ አታመጣው፣ ጠልተህ አትጥለው።

ይሄ ሁሉ የተለወጠብኝ የእህቴ ልጅ ሰላም ከወልዲያ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የሚሉትን ይዛልኝ የመጣች ቀን ነው። ከመክተፊያ ያነሰች፣ ጥቁር ክፈፍ ያላት ሰሌዳ ናት።

«አክስቴ፣ እዚህ ውስጥ መጻሕፍት ሞልተዋል። ፊደሉንም እንደፈለግሽ ታገዝፊዋለሽ» አለችኝ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ አልኩ በሆዴ። ጎረቤቴ ዘሃራ ተቀብላ አገላበጠቻት።

«ስልክ ናት?»

«አይደለችም።»

«ቲቪ ናት?»

«አይደለችም አልኩሽ!»

በጣቷ ዳበስ ብታደርጋት ገጹ ተገለጠ። «ወላሂ፣ ይቺስ ቁርጥ ባሌን! ካልነካኳት ቃል አይወጣትም።»

እኔ ግን ወደድኳት። የቆቦ ፀሐይ የስልክን ፊት ያሳውራል፤ የሷን ፊት ግን ፀሐይ በመታው ቁጥር ያጠራዋል። መብራት ቢጠፋም ግድ የላት፤ አንዴ ከጠጣች እንደ አፋር ግመል ሳምንታት ትጓዛለች።

አሁን ወደ አያ ሞላ ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ለሱ ነውና።

ባለቤቱ እታገኝ ካረፈች ወዲህ አያ ሞላ አፉን ዘጋ። ድሮም ዝምተኛ ቢሆን ባልደነገጥኩ። አያ ሞላ ማለት እኮ ከቆቦ ጎብዬ ሲሄድ የጀመረው ጨዋታ ሳያልቅ ሚኒባሱ ደርሶ፣ ተሳፋሪው «ጨርስልንና እንውረድ» የሚለው ሰው ነበር። አሁን ሁለት ቃል ቀሩት፤ «እሺ» እና «ይበቃኛል»። እህል ሲቀርብለት ገና ሳይጎርስ «ይበቃኛል»። ከዚያ ደጁ ያለው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አስፋልቱን ያያል። መኪናው ይመጣል፣ መኪናው ይሄዳል፣ እሱ ያያል።

ሰው የሚሞተው በረሃብና በበሽታ ብቻ ይመስላችኋል? እኔ ፈራሁ። የነፍስ አባቱን ላክሁበት፣ ቀልደኛ ላክሁበት፣ ዘሃራም ሄዳ በነገር ነካካችው። ሁሉንም «እሺ» ብሎ ሸኛቸው። ሰው ያቃተውን እስቲ መጽሐፍ ይሞክረው አልኩና ተነሣሁ።

ግን የትኛው መጽሐፍ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የወረቀቱን መጽሐፍ ቢያንስ በእጅ ትመዝኑታላችሁ። እዚህ ውስጥ ግን የወፍራሙም የቀጭኑም፣ የደጉም የክፉውም ክብደት አንድ ነው። የመጀመሪያ ገጽ ደግሞ እንደ ሙሽራ ነው፤ ያልተኳለ የለም። አንዱ «ባለጸጋ አደርግሻለሁ» ብሎ ጀመረኝ፤ ገባ ስል ስለ ገዛ መኪናው ነው የሚያወራ። ሌላው በፍቅር ጀምሮ በስብከት ደፈቀኝ።

እኔ ስሜ ሙሉ ቢሆንም የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የቆቦ ገበያ ነው፤ ማሽላ እሸጣለሁ። ማሽላ ሻጭ ደግሞ ያማረውን ከጆንያው አፍ ላይ ያደርጋል። እኔም አደርጋለሁ፤ ምን ታፈጡብኛላችሁ? ደህና ገዢ የላዩን አያይም። እጅጌውን ይሰበስብና ክንዱን እስከ ክርኑ ሰዶ ከጆንያው ሆድ ይዘግናል። እፍ ይላል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። መጽሐፉንስ እንደዚህ ባደርገው? ከገጹ ግርጌ ያለችውን መስመር በጣት ገፋ ሲያደርጓት ሰሌዳዋ ዘላ መሀል ታወርዳለች። አንድ እፍኝ አነባለሁ፤ አፈር ካለው እተወዋለሁ። ስዘግን፣ ስተፋ ከረምኩና ጥርሴ ላይ ደህና የጮኸ አንድ አገኘሁ።

ኒም ዛፉ ሥር ሄጄ እዚያው ከዘገንኩበት ጀመርኩለት። «ሰውየው ቀዩን ሻሽ አጥፎ ደረቱ ላይ ያዘው። በሩ ፊት ቆመ። እጁን አነሣ፤ ግን አላንኳኳም።»

ቀና ስል አያ ሞላ አስፋልቱን ትቶ እኔን ያያል።

«ማን ነው ሰውየው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ለምን አላንኳኳም?»

«አልደረስኩበትም።»

«የጀመረበትን ሳታውቂ ነው የምታነቢልኝ? አንቺ ድሮም ከሰው ጨዋታ መሀል ነው ጥሰሽ የምትገቢ!»

ተሰደብኩ! ከስንት ጊዜ በኋላ ወንድሜ ሰደበኝ፤ ጉልበቱን ልስመው ምንም አልቀረኝ። እሱ ግን ገና መንገድ ላይ ነበር።

«ተጣልተው ነው» አለ።

«ማንና ማን?»

«እሱና ሚስቱ ናቸዋ! ዱቄት ባለቀበት ቀን፣ ሳይነግራት እንግዳ ጠርቶባት ነው። ነጠላዋን ብድግ አድርጋ ሮቢት ወላጆቿ ቤት ገባች። እሱ ደግሞ ኮራ። ሁለት ቀን ኮራ፤ በሦስተኛው ቤቱ ጠበበው። ሽማግሌ ላከ፤ ‹የናንተን ምላስ ጠግቤያለሁ፣ ባለምላሱ ራሱ ይምጣ› አለቻቸው። ሻሹ የእርቅ ነው።»

ዘሃራ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ኖሮ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ደራሲው የየት አገር ሰው እንደሆነ እንጃ፤ ሮቢት የሚል ግን እኔ በዘገንኩት ውስጥ የለም። ሮቢት የእታገኝ ወላጆች አገር ነው። አፏን ስትከፍት አፈጠጥኩባት። እሷም እግዜር ይስጣት፣

«ታዲያ አያ ሞላ፣ ከፈተችለት?» ብቻ አለች።

«አንቺ ደግሞ አትቸኩይ። ነገ ነይ» አላት። የዚያን ቀን ሳይለመን በላ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ፀሐይ በረድ ሲል ጎረቤቱ በርጩማውን ይዞ ይመጣል፤ ባለባጃጁም ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል። እኔ ከመሀል አንድ እፍኝ አነባለሁ፤ የፊቱን አያ ሞላ ይሞላል። ሚስትየዋ በሱ አፍ ስትናገር ብትሰሙ! ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ በምላሷ ስትገርፋቸው፣ እሱ ራሱ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። በሩ ግን አይከፈትም፤ ሁልጊዜ ነገ ነው።

ለፋሲካ ሰላም መጣችና አብራን ተቀመጠች። አንብቤ ሳልጨርስ ሳቋን ለቀቀችው።

«አክስቴ! መጽሐፍ እንደ ማሽላ ይዘገናል እንዴ? ደራሲው እኮ መጀመሪያ አበጅቶለታል!» ሰሌዳዋን ከእጄ ወሰደች። «አጎቴ፣ ቆይ እኔ እውነተኛውን ከመጀመሪያው ላንብብልህ።»

አነበበች። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ሰውየው ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። የሟች ሚስቱ ቀይ ሻሽ ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሏል። ለእናቷ ሊወስድላቸው እያጠፈው ነው... ሰላም ምን እያነበበች እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። ድምጿ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ።

«ያ አላህ» አለች ዘሃራ በሹክሹክታ።

አያ ሞላ ፊቱን ወደ አስፋልቱ መለሰ። አንድ የጭነት መኪና መጣ፣ ሄደ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ፤ አሁን «ይበቃኛል» ሊል ነው። ሰላምን በዚያችው ሰሌዳ አናቷን ልላት እጄ በላኝ።

እሱ እጁን ዘረጋ። ሰሌዳዋን ከሰላም ጉልበት ላይ ቀስ ብሎ አነሣ፣ በጋቢው ጫፍ ጠረጋትና ለኔ አቀበለኝ።

«ይሄ ደራሲ ቸኩሏል» አለ። «አንቺ ሙሉ፣ ከመሀሉ ጀምሪልኝ። እኔ ጋ ገና ሮቢት ናት።»