ሠላሳ ሰባት ላይ የቆመው ኮምፒውተር

ትእዛዝ የምናከብርበት መንገድ ይገርመኛል። «ሣሩ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ ሣሩ ላይ ተቀምጠን እንደገፈዋለን። «እዚህ መሽናት ያስቀጣል» የተባለበት ግድግዳ ምን ምን እንደሚሸት፣ ሆሳዕና መናኸሪያ ወርዳችሁ በእግር ያዘገማችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ኮምፒውተር «አፕዴት እያደረግሁ ነው፣ እንዳታጠፉኝ» ሲል ግን አንድ ቢሮ ሙሉ ሰው እጁን አጣምሮ ይቆማል። ይህን ሁሉ ታዛዥነት የት ደብቀነው እንደምንኖር እንጃ።

እኔ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ሬጅስትራር ነኝ። የተማሪው ሁሉ ውጤት ያለበት ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው። ተገዝቶ የመጣ ዕለት፣ አዋቂ መባል ስለምወድ፣ «የዚህ ዕቃ ጠላቱ አቧራ ነው» ብዬ ተናገርኩ። ጸሐፊያችን ወይዘሮ ማርታ ኪሮሽ የሚያዝ እጇ የተባረከ ነው። በሳምንቱ ሲፒዩውን ከአናቱ እስከ እግሩ የሚሸፍን፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው ነጭ ዳንቴል ሠርታ መጣች። እኛ ዘንድ ዳንቴል ያልለበሰ ቴሌቪዥን ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው የሚታየው፤ ኮምፒውተሩም ወግ ደረሰው ብለን አጨበጨብን።

ብዙም ሳይቆይ ሕመም ጀመረው። አፕዴት በመጣ ቁጥር መሐል ላይ ይደርቃል። መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጥገና ቤት ስንልከው፣ ወይዘሮ ማርታ እንዳይቆሽሽ ዳንቴሉን አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ እዚያ እንደ ደረሰ አፕዴቱን ጨርሶ ቁጭ ይላል። ጠጋኙም «ምንም የለበትም» ብሎ ይመልስልናል። ቢሮ ገብቶ ልብሱን ሲለብስ እንደገና ይታመማል። ወይዘሮ ማርታ «የሰው ዓይን ነው፣ ጸሎት ይደረግበት» አለች። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መብራቱን ጠረጠረ። እኔ? እኔማ አቧራ አልኩ። እንዲያውም መስኮቱ እንዳይከፈት አዘዝኩ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ምሕረት የምትባል የነርስ ተመራቂያችን ከአባቷ ጋር ከሀቢቾ መጣች። ዱራሜ ላይ የነርስ ሥራ ወጥቷል። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ያለ ትራንስክሪፕት አይመዘግቡም። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ውስጥ መሆን አለባት። ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠች ልጅ ናት፤ ሌላ ማስታወቂያ መቼ እንደሚወጣ ማን ያውቃል።

«የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ተነሣና አፕዴት ጀመረ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ሰባት ከመቶ። ቆመ። ከሥሩ «እንዳታጠፉኝ» ይላል።

ሠላሳ ሰባት እንዳለ አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ማን ያጥፋው? ወይዘሮ ማርታ «እኔ የፈረምኩት ለቢሮው ቁልፍ ብቻ ነው» አለች። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቢበላሽ ከማን ደመወዝ እንደሚቆረጥ ጠየቀ፤ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዲኑ በበሩ ብቅ ብለው አዩና «በደብዳቤ ይቅረብልኝ» ብለው ሄዱ። ደብዳቤ የሚጻፍበት ኮምፒውተር ሠላሳ ሰባት ላይ ነው፤ በእጅ ጻፍን። «ኮምፒውተሩ እንዲጠፋ ፈቃድ ስለመጠየቅ» የሚል ርእስ ሰጥተን ሦስታችን ፈረምንበት።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ምሕረት የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። አፈርኩ። አባቷ ማያው ፊት የቆምነውን ተራ በተራ አዩንና በሃዲይኛ አንድ ነገር አሏት።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እንዳትቀየሙ» አለች። «ማን ሞቶ ነው እንዲህ የቆማችሁት? ነው የሚለው።»

እኛ ማያውን ማየታችንን ቀጠልን። እሷ ግን ተነሥታ መጣች፤ የለመደባት ይመስለኛል፣ የእጇን ጀርባ በዳንቴሉ ሥር አስገብታ እንደ ሕፃን ግንባር ዳሰሰችው።

«ውይ! ጋሼ፣ ይሄ እኮ ይቃጠላል!»

«አቧራ እንዳይገባበት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሕፃን ሲያተኩሰው እናቶች ጋቢ ላይ ጋቢ ይደርቡበታል። ለልምምድ በወጣንበት ጤና ጣቢያ ሲመጡ መጀመሪያ የምናደርገው ልብሱን ማውለቅ ነው» አለችና ከወይዘሮ ማርታ ዓይን ሥር ዳንቴሉን ገፈፈችው። ቀጥላ እኔ ያዘጋሁትን መስኮት ከፈተች። አባቷ ኮፍያቸውን አውልቀው ማራገብ ያዙ።

ሠላሳ ስምንት አለ። ሠላሳ ዘጠኝ። ከዚያ በኋላማ ማን ያዘው! ለስምንት ሩብ ጉዳይ ትራንስክሪፕቱ ታተመ፣ ማኅተም አረፈበት፣ አባትና ልጅ ባጃጅ ይዘው ወደ መናኸሪያ በረሩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የዲኑ መልስ ደረሰ፤ «ኮምፒውተሩ እንዲጠፋ ተፈቅዷል» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቢሆንም መዝግቤ ፋይል አደረግሁት።

በወሩ የምሕረት አባት ብቻቸውን መጡ። ልጅቷ ተቀጥራለች። ደስታዬ እንባ አመጣብኝ፣ አልዋሽም። ሰውዬው ግን ከዘንቢላቸው አንድ ጥቅል አወጡና በዝግታ፣ ቃል በቃል እየመረጡ በአማርኛ አስረዱኝ።

«መምህር፣ የኔ ልጅ ያንን ልብስ በሰው ፊት አወለቀች። እናቷ ሰማች፣ አዘነች። በእኛ ልጅ ምክንያት ራቁቱን አይቀርም አለች።»

ፈታሁት። ከሱፍ ክር የተሠራ፣ ከወይዘሮ ማርታው እጥፍ የሚወፍር ልብስ ነው። ቀይና አረንጓዴ ጥለት አለው፤ የጀርባው ቀዳዳ ሳይቀር ብርድ እንዳይገባው ታስቦለታል። ወይዘሮ ማርታ ሥራውን አገላብጣ አየችና «እጅ ነው!» አለች። ሰውዬው ቆመው ይጠብቃሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

አለበስኩት። እሳቸውም ዙሪያውን ጎተት ጎተት አድርገው አስተካከሉለት፤ ሆሳዕና በመጡ ቁጥር ብቅ ብለው እንደሚያዩት ነግረውኝ ሄዱ። አሁን ማያው ላይ አዲስ አፕዴት መምጣቱን የሚነግር ጽሑፍ አለ። ትኩሳቱን ዳስሳ «አውልቁለት» የምትለን ነርስ ደግሞ ዱራሜ ተቀጥራለች።