ራስጌ ላይ የምትጻፈው አንዲት መስመር

ደብዳቤ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? የፍቅር ማለቴ አይደለም፤ እሱን ማንም ይጽፋል። ማመልከቻ ማለቴ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ እናንተ በደላችሁን ከቅድመ አያታችሁ ጀምራችሁ እየነገራችሁት፣ እሱ «ከዚህ በታች በዝርዝር እንደተመለከተው» እያለ ሦስት ገጽ ሲሞላ፣ መጨረሻ ላይ አውራ ጣታችሁን ቀለም አስነክቶ ሲያስፈርማችሁ፣ ሸክም የወረደላችሁ ይመስላችኋል። አልወረደም። በደርግ ጊዜ ደብዳቤ ማለት እናንተ ያለቀሳችሁበት ሦስት ገጽ አልነበረም። ደብዳቤው፣ ኃላፊው ከራስጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሚጭርባት አንዲት መስመር ነበረች። «ይታይ።» «ይቆይ።» «ፋይል ይሁን።» «ይፈጸም።» ሌላው ወረቀት ለዚያች መስመር መቀመጫ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእስክሪብቶ ወለምታ በምን እንደሚታሽ ግን የነገረን የለም።

ይህን ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። ከመጽሐፍ ጋር የተለያየነው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እሱም አልፈለገኝም፣ እኔም አላባበልኩትም። ቢቸና ውስጥ ሥራ ፈትቼ ከመኪና መኪና ስዘል እግሬ ፈጣን መሆኑን ያየ አንድ ዘመድ፣ ተላላኪ አድርጎ መሥሪያ ቤት አስገባኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እለፉልኝ። ሥራዬ የቢቸናን ደብዳቤ በቆዳ ቦርሳ ይዤ፣ በጭነት መኪና ከእህሉ በላይ ተቀምጬ ሞጣ መውሰድ፣ እዚያ ያሉት ጓድ ኃላፊ መስመራቸውን ሲያሰምሩበት ደግሞ መልሼ ማምጣት ነው።

ጓድ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስብሰባ የበዛባቸው ሰው ነበሩ። የመዝገብ ቤቷ እትዬ አስካል የደብዳቤ ክምር ሲያስቀምጡላቸው፣ በግራ እጃቸው ስልክ እንደያዙ በቀኛቸው ይጽፋሉ። ከደብዳቤው የሚያዩት «ጉዳዩ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱንም ዓይናቸው ከቀና። ያን ሰሞን «ውዝፍ ጉዳይ በአስቸኳይ ይጠናቀቅ» የሚል መመሪያ ከበላይ ወርዶ ስለነበር፣ የሚጽፉት ቃል አንድ ብቻ ነበረ። ይፈጸም። ፈቃድ የጠየቀም ይፈጸም፣ ማዳበሪያ የጠየቀም ይፈጸም። አገሩ ሁሉ ተፈጽሞለት ዋለ።

የአያ ልየው ማመልከቻ የሄደው በዚያ ሰሞን ነው። አያ ልየው ከቢቸና ከተማ ዳር የሚኖሩ፣ ነገር የማይወዱ ገበሬ ናቸው። ይግዛው የሚባል ጎረቤታቸው የገበሬ ማኅበሩ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ካረፈ ወዲህ አንገቱ ደንድኖ፣ አንድ ቀን ጠጥቶ በሰው ፊት «ቤትህን አፍርሼ አውድማ አደርገዋለሁ» አላቸው። እሳቸውም ከለላ ፈልገው አመለከቱ። ማመልከቻ ጸሐፊው የጻፈላቸው ርእስ እንዲህ ይላል፤ «ጉዳዩ፦ የመኖሪያ ቤቴን ስለ ማፍረስ።»

ከሞጣ ስመለስ ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ቦርሳውን ከፈትኩ። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው፤ ጎማ እስኪሠራ ድረስ እናንተም ታነቡ ነበር። የአያ ልየውን ሳገኝ እህሉ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ። ከ«ጉዳዩ» በላይ፣ በቀይ፣ «በአስቸኳይ ይፈጸም» ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ያው ነው። ሰውዬው ቤቴን አድኑልኝ ብለው አመለከቱ፤ መንግሥት እንዲፈርስ አዘዘላቸው።

ቢቸና ደርሼ ለቅርንጫፉ ሹም ስህተት መሆኑን ነገርኩት። መነጽሩን አደረገና ቀዩ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። ይፈጸም ይላል አልኩት። «ታዲያ እኔ ማን ነኝ?» አለ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር፤ ንጉሡ ከወረዱ ስንት ዓመታቸው፣ ሰማዩ ግን ያኔም አልታረሰም። ከማመልከቻው ውስጥ የአፍራሹን ስም ብቻ ፈልጎ፣ ማክሰኞ ቀን ለይግዛው ደብዳቤ ጻፈለት፤ በመጪው ቅዳሜ ዶማና መጥረቢያ ይዞ የአቶ ልየውን ቤት እንዲያፈርስ፣ ባያፈርስ ተጠያቂ እንደሚሆን።

ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። ይግዛው በመሠረተ ትምህርት ባገኘው ንባብ ፊደሉን እየቆጠረ ወረደ፤ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። «እኔ እኮ ለአፌ ነው ያልኩት» አለኝ። «የክርስትና ልጄ የሚተኛበትን ቤት ነው የማፈርሰው?» ሰው በዛቻው እንዲህ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም። ሮጦ ሄዶ አያ ልየው እግር ላይ ወደቀ። እሳቸው ይቅር አሉት። ግን ይቅርታ ቀዩን መስመር አይፍቀውም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱንም ይዤ ሞጣ ሄድኩ። በአራድነቴ አንድ ብልሃት ይዤ ነበር፤ ኃላፊው ይፈጸም ብቻ ከሆነ የሚጽፉት፣ ይፈጸም ቢባል የሚበጀንን እንጻፍላቸው። ሁለቱ አብረው ፈረሙ። «ጉዳዩ፦ ቤት እንዳይፈርስ ስለ መጠየቅ።» እትዬ አስካል ተቀብለው ክምሩ ውስጥ ከተቱልን። ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱ ወጣ። በቀይ፣ «አይቻልም» ይላል።

ይግዛው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ያወቅነው ኋላ ነው፤ ማታውን ሌላ ሰርኩላር ወርዷል፣ «ሳያጣራ የፈቀደ ኃላፊ ይጠየቃል» የሚል። ጓድ ኃላፊ ካደሩበት ሲነሡ እጃቸው ወደ ሌላ ቃል ዞሯል። ፈቃድም አይቻልም፣ ማዳበሪያም አይቻልም። አያ ልየው በአካል ገብተው ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ወዲያው ወጡ። ይህ ቢሮ በጽሑፍ የወሰነውን በቃል አይሽርም ተባሉ።

መላውን ያመጡት እትዬ አስካል ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፋይል ያቀፈ ሰው የማያውቀው የለም። የመጀመሪያውን ማመልከቻ፣ ቤት ስለ ማፍረስ የሚለውን፣ በዛሬ ቀን እንደገና ጽፋችሁ አምጡ አሉን። ሌላ ሳይጨምሩ ወደ ሥራቸው ዞሩ። ቆይቶ ገባኝ፤ ማፍረስ፣ አይቻልም። እንዴት ያሉ ሴት ናቸው እያልኩ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው ስሮጥ፣ አያ ልየው ከደጃፉ ንቅንቅ አልል አሉ።

«ይህ ሰው ይቅር በለኝ ብሎኝ ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ። «ዛሬ ያላለኝን ዛተብኝ ብዬ በጣቴ አልፈርምም።»

ቅዳሜ ቤታቸው ይፈርሳል አልኳቸው። ይፍረስ አሉ። ከማፈር ይፍረስ አሉ። የጎጃም ሽማግሌ እውነትን አንዴ ከያዘ በሬ ጠምዳችሁ አታስለቅቁትም። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። ይግዛው እንደገና መዛት አለበት።

ይግዛው ተነሣ፣ ነጠላውን አስተካከለ፣ መሬት መሬት እያየ «አያ ልየው፣ እንግዲህ ቤትዎን አፈርሳለሁ» አላቸው።

«ይኼ ዛቻ ነው? ለቅሶ ልትደርስ የመጣህ ትመስላለህ እኮ። ያኔ አንተ ብለኸኛል። ጠመንጃም ነቅንቀሃል።»

«ጠመንጃው ቢቸና ነው።»

«በዱላህ ነቅንቅ።»

ዱላውን አነሣ። በሁለተኛው ሙከራ «አንተ» ማለት አቃተው፤ በሦስተኛው ግን እሳቸው «ድሮም አፍህ እንጂ ክንድህ መቼ ሠርቶ ያውቃል» ብለው ነካ ሲያደርጉት ደሙ ፈላ፤ «ቤትህን አፍርሼ አውድማ አደርገዋለሁ» ብሎ ሲጮህ ግቢው አስተጋባ። አንድ አላፊ ነጋዴ ሊገላግል ሮጦ መጣ። አያ ልየው በእጃቸው አቆሙት፤ «ተወው ወንድሜ፣ ደኅና እየሄደ ነው» አሉት። ከዚያ ረክተው ሄዱና ፈረሙ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ወጣ። «አይቻልም። ለቅርንጫፉ ይገለጽ።» አንብቤ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

ዓርብ ቢቸና ገባን። የቅርንጫፉ ሹም ቀዩን መስመር አየና ቤቱ አይፈርስም አለ። በቃ፣ አለቀ፣ ልንወጣ ነው። ሰውዬው ግን ምን እንደነካው አላውቅም፣ ወረቀቱን ገለጠ። ሁለተኛውን ገጽ። ሦስተኛውን። በዚያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከራስ እስከ እግሩ ሲነበብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ለጉድ። «በድጋሚ፣ ሐሙስ ዕለት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ፣ ዱላ ነቅንቆ» እያለ ጮክ ብሎ አነበበና ዘበኛውን ጠራ። ይግዛው ሲወስዱት ዞሮ ወደ እኛ አየ።

አያ ልየው ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው ዋስ ልሁነው አሉ። ሹሙ መነጽሩን አወለቀ። ከሳሹ እርስዎ አይደሉም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ነኝ አሉ።

«ዝቶብዎታል አይደል?»

«ዝቷል።»

«ታዲያ?»

አያ ልየው መዋሸት አይችሉም፤ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

«ለምኜው ነው» አሉ።